አባባ ሹራባቸውን ያወለቁ ዕለት

እህቴ ከጅቡቲ ደውላ ሠርጓ ባሕሩ ዳር፣ አሸዋው ላይ መሆኑን ነገረችን። "ስስ ነገር ልበሱ፤ እዚህ እሳት ነው" አለች። አባባ ስልኩን መለሱልኝና "የሙሽራ አባት በሸሚዝ አይታይም" አሉ። በዚያው አለቀ።

የምንኖረው ጎባ ነው። ጎባ ላይ መልበስ ማለት መደረብ ነው። አባባ ጠዋት ሲነሱ ሹራብ፣ በላዩ ሰደርያ፣ በላዩ ኮት፣ በላዩ ካፖርት ያደርጋሉ፤ አንገታቸውንም እስከ አገጫቸው በሻል ይጠመጥማሉ፤ የቀረውን ፊታቸውን ጺማቸው ይሸፍነዋል። እናታችን ካረፈች ወዲህ ከእሳቸው ጋር የምኖረው እኔ ነኝ። ልብሳቸውን የማጥበውም የምተኩሰውም እኔው ነኝ። "ውጭ በልቼ ነው የመጣሁት" ሲሉኝ እሺ ብዬ ራታቸውን እመልሳለሁ።

ሙሉ ልብሳቸውን ለማምጣት ሮቤ ወደ ልብስ ሰፊያችን ሄድኩ። "አካም ጅርታ" ብሎ ከተቀበለኝ በኋላ፣ "እህቴ፣ ወላሂ በጣም ሰፍቷቸዋል፤ ላጥብበው ብላቸው እምቢ አሉኝ" አለኝ። "ሽማግሌ ሰፊ ልብስ ይወዳል" ብዬ ሳቅሁ። ምን እንዳሳቀኝ እንጃ።

እስከ አዳማ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር ሄድን። ጅቡቲ ስንወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። የምሬን ነው፣ አጠገባችን ቤት የሚቃጠል መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ አይቻለሁ። እህቴ ክንዷን ገልጣ፣ በነጠላ ጫማ መጥታ ተቀበለችን። አባባ ካፖርታቸውን ክንዳቸው ላይ ጣል አደረጉ እንጂ ከኮታቸው አንዲት ቁልፍ አልፈቱም።

የሠርጉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ክፍላቸው ገባሁ። ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፤ የተቀባባሁት ሁሉ ወደ አገጬ ወርዷል። አባባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከረባት፣ ሹራብ፣ ሰደርያ፣ ኮት፣ ሁሉም በቦታው ነው። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ደሜ ፈላ።

"አባባ፣ ይሄን ሹራብ ያውልቁ። ሰው ፊት ወድቀው ሠርጉን ለቅሶ ሊያደርጉት ነው?"

"ተዪኝ ልጄ። አልሞቀኝም።"

"አልሞቀኝም ይላሉ ደግሞ። እኔ እዚህ ልቀልጥ ነው።"

ክርክሩን ትቼ ኮቱን በግድ አወለቅሁት። ሰደርያውን ፈታሁ። ሹራቡን ሳወጣ ከሥሩ ሌላ ሹራብ አለ። እሱን ሳወጣ ሌላ። እየተነጫነጭኩ ሦስተኛውንም አወጣሁት። ሸሚዙ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ትከሻቸው እንደ ልብስ መስቀያ ሹል ሆኗል፤ የጎን አጥንታቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። እግራቸውን ብዳብስ ከሱሪያቸው ሥር ሁለት ቱታ ደርበዋል፤ ጭናቸው የእኔን ክንድ አያክልም።

ቁጭ አልኩ።

"ሐኪሙ ነግሮኛል" አሉ አባባ፣ ዓይኔን ሳያዩ። "ሆዴ ውስጥ ነው፤ እዚያው ተሰራጭቷል አለኝ። ለእሷ ብትነግሪያት ሠርጉን ጥላ ጎባ ትገባለች፤ አውቃታለሁ። ዛሬን ብቻ ልለፍ። ደግሞ ጉልበቴን ትስማለች አይደል? አጥንት እንዳትስም ብዬ ነው ቱታውን የደረብኩት።"

ተናደድኩ። በእሳቸው ይሁን በራሴ አላውቅም፣ ግን ክፉኛ ተናደድኩ። ሹራብ መከመር የሽማግሌ ግትርነት መስሎኝ መንገዱን ሙሉ ስቆጣቸው ነው የመጣሁት። ያም ሆኖ ጊዜ አልነበረም። ቱታዎቹን አስወለቅኋቸው፤ ኮቱን መልሼ አልብሼ ከጀርባው ሰብስቤ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት፤ ውኃ አጠጣኋቸው። አሸዋው ላይ ወንበር ሲቀርብላቸው የራሴን ነጠላ አራት እጥፍ አድርጌ ጉልበታቸው ላይ አኖርኩ። ሰው ለማዕረግ መስሎት ደስ አለው።

ሙሽሮቹ መጡ። መጀመሪያ ሙሽራው ተንበርክኮ ሳመና ተነሣ። ቀጥሎ እህቴ። በሁለት እጇ ጉልበታቸውን ያዘች፤ ነጠላው ላይ ከንፈሯን አሳረፈች። አባባ "ውለጂ ክበጂ፣ ዕድሜሽ ይርዘም" እያሉ ራሷን ዳበሱ። እሷ ግን አልተነሣችም። ጣቶቿ ነጠላው ሥር ገብተው ጉልበታቸውን ዙሪያውን ሲዳስሱ አየሁ።

ቀና ስትል ያየችው እሳቸውን አይደለም፤ አጠገባቸው የቆምኩትን እኔን ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

አራት ዓመት ሙሉ አባቷን ያላየችው እሷ ናት። በየቀኑ አብሬያቸው የማድረው እኔ ነኝ።

"አላውቅም" አልኳት።