የተለጋው ተራ

በወተት ማኅበራችን ውስጥ ኔሊዳ ቦሴቲን የማያውቅ ሰው የለም፤ ካለም ገና አልተሰደበም ማለት ነው።

የማኅበሩን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከወጣትነቷ ጀምሮ የምትንከባከበው እሷ ናት። የተሠራው ስሞልቶክ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ሌላ ፕሮግራም ሲበላሽ ይዘጋል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይነሣል፤ ይሄኛው ግን እየሠራ ነው የሚታረመው። እያንዳንዱ መኪና፣ እያንዳንዱ የወተት ታንክ፣ እያንዳንዱ የጭነት ተራ ውስጡ በሕይወት አለ። ኔሊዳ አንዱን ትከፍትና «ማነህ? ምን ምን ትእዛዝ ታውቃለህ?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ እሱም አንድ በአንድ ይነግራታል። እኔ የመኪና ስምሪት ኃላፊ ነኝ፤ ሾፌሮቼ እንኳን እንደዚያ አይመልሱልኝም።

አንድ ክፉ አመል አላት። ትእዛዝ የሚሰየመው በጨዋ ቋንቋና በሙሉ ቃል ካልሆነ ታብዳለች። አዲስ የተቀጠረ ሁሉ በእሷ ምላስ ሳይገረፍ ያለፈ የለም። «ይሄን ስም እናትህ ፊት ጮክ ብለህ አንብበዋ!» ትለዋለች፤ ልጁ ጆሮው ይቀላል።

የዚያን ሐሙስ የሳላዶ ወንዝ ሞልቶ የቆላውን መንገድ በሙሉ ጭቃ ዋጠው። ውሃው ለነገ ይጎድላል ተብሏል። ችግሩ ፕሮግራሙ ነበር፤ መንገድ ሲዘጋ ተራውን ይሰርዘዋል፣ የተሰረዘ ገበሬ ደግሞ ወደ ሰልፉ ጭራ ሄዶ ሰኞ ነው የሚደርሰው። ወተት ሰኞን አይጠብቅም። ከቆላው ገበሬዎች አንዷ እህቴ ኢርማ ናት።

«ኤልቪዮ፣» አለችኝ በስልክ፣ «ላሞቹን መንገድ ተዘግቷል ብላቸው አልሰማ አሉኝ። ታንኩ ሊሞላ ነው። እስከ ነገ ልጠብቅ ወይስ ቦዩ ውስጥ ልድፋው?»

«ትንሽ ታገሺኝ፣» አልኳት።

ሥራ አስኪያጃችን ኤርናን ኔሊዳ ራስ ላይ ቆሟል። «ዶኛ ኔሊዳ፣ ተራ የሚያስተላልፍ አዲስ ትእዛዝ ይጻፉና እንገላገል።»

«አንድ ተራ ሲተላለፍ ሾፌሩም፣ ታንኩም፣ ላቦራቶሪውም አብረው መተላለፍ አለባቸው። አንዱን ብረሳ መኪናው ከበር ይመለሳል። በድሮው ጎርፍ ጊዜ ሠርተነዋል፤ እዚሁ ውስጥ አለ። ተጽፎ ያለቀ ነገር ሁለቴ አልጽፍም።»

«አስተላልፍ» ብላ ፈለገች፤ የለም። «አዘግይ» አለች፤ የለም። «አራዝም» አለች፤ እሱም የለም። ማቴ፣ ያገራችንን የቅጠል ሻይ፣ ቀድቼ ሰጠኋት፤ አንዴ ስባ መለሰችልኝ። «ይሄማ ታጥቦ ያለቀለት ነው፣ አንተዬ። ቅጠሉን ቀይረው።» እኔ ግን የግድግዳውን ሰዓት ነበር የማየው።

በመጨረሻ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋችና «እሺ፣ ስሙን ካላወቅን ምን እንደሚሠራ እንንገረው» አለች። የኢርማን ተራ ቅጂ አወጣች። ከዚያ ለፕሮግራሙ ምሳሌ ሰጠችው፦ ይኸው የሐሙስ ተራ፤ የምፈልገው ይሄው ተራ ዓርብ ላይ፣ ቦታውን ሳይለቅ። ፕሮግራሙ የሚያውቃቸውን ትእዛዞች በየተራ ቅጂው ላይ ሞከራቸው። አንድ ስም ብቻ ወጣ። ፓቴአር። በቋንቋችን ለጋ ማለት ነው።

ኤርናን ሳቁ አመለጠው። እኛ አገር ቀጠሮ አይተላለፍም፤ እንደ ኳስ ይለጋል። ጥርስ ሐኪሙን ለሚቀጥለው ሳምንት እንለጋዋለን፣ ሠርጉን ለበጋ። ግን አፍ ላይ ነው እንጂ ማን ሥራ ላይ ይጽፈዋል?

ኔሊዳ ቀላች። «የትኛው ዱርዬ ነው ማኅበሩ ውስጥ ኳስ የሚጫወተው!» ብላ ትእዛዙን ከፈተችው። እያነበበች ስትወርድ ግን ድምፅዋ ረገበ። «ሾፌሩን ይዟል... ታንኩን ይዟል... ላቦራቶሪውንም። ንጹሕ ሥራ ነው። ማን ነው ይሄን የጻፈው?»

ትእዛዝ ሁሉ አናቱ ላይ የጸሐፊው ስም ምሕፃር አለው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ኔ. ቦ. ይላል።

ከዚያ ኤርናን፣ በጣም በትሕትና፣ «እናትዎ ፊት ጮክ ብለው ያነቡልናል፣ ዶኛ?» አለ።

ኔሊዳ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ለካ ሳቅ ነው። «እኔው ነኝ! አፌ ባለጌ ነበር ያኔ። ግን እዩት፣ አንድ ነገር አልረሳሁም! አንድም!»

በር ላይ መኪኖች እየተመዘኑ፣ ፕሮግራሙን ሳትዘጋ፣ የኢርማን ተራ ለጋችው። ዓርብ ላይ አረፈ፤ ሾፌሩም ታንኩም ተከትለው ሄዱ። ከዚያ የቆላውን ተራ በሙሉ እያከታተለች ለጋችው። ስልኩን አንሥቼ «እንዳትደፊው!» ብዬ ጮኽኩ።

«ስሙንስ አታስተካክይውም?» አልኳት በኋላ።

«ንካውና እጅህን ነው የምቆርጠው።»

ዓርብ ከሰዓት የቆላ መኪኖች እስከ በራቸው ጭቃ ለብሰው ገቡ። ከፊተኛው ላይ እህቴ ወረደች፤ ክብ አይብ በጨርቅ ጠቅልላ ታቅፋለች። ወተቷ ወደ ውስጥ ሲገለበጥ ቆማ አየችና ወደ ቢሮው ገባች።

«ተራዬን የለጋልኝ ማን ነው?»

በዚህ መሥሪያ ቤት እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ኔሊዳ ከወንበሯ ተነሥታ ቀሚሷን አስተካከለች።

«እኔ ነኝ፣ የኔ እመቤት። ድሮ ነው የለጋሁት፤ አሁን ነው የደረሰልሽ።»