የራሷ ኮምፒውተር

«ጓዳዬን ያየ ሰው ደጄን ረሳ አሉ…» ታንጎራጉራለች፤ ቀጣዩ ስንኝ አልመጣ ሲላት በአፍንጫዋ ዜማውን ትሞላዋለች። ጉዳዬ እስኪያልቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አያታለሁ። ክርኑ የሳሳ ሹራብ ለብሳለች፤ መነጽሯ በክር ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። አለቃዋ የሰጣትን ዝርዝር ይዛ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች በየተጠቃሚዎቻቸው ስም ትሰይማለች። የይለፍ ቃሉ ያለው እሷ ዘንድ ብቻ ነው። አንዱን አጥፍታ ስታበራ፣ እንደሚያስተኙት ሕፃን ጀርባውን መታ መታ ታደርገዋለች።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ዜማው ተቋረጠ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበት የራሷ ኮምፒውተር በሌላ ሰው ስም ተጽፏል።

አለቃዋ በበሩ ብቅ አለ። «እታለም፣ አለቀልሽ?»

«የኔ ቀርቷል። ትናንት ምሳ አብረን ስንበላ፣ መሰናበቴን ምነው ዋጥከው?»

«በምን አፌ ልንገርሽ?»

«በጎረስክበት ነዋ።»

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እሷ አዲሱን ስም አንድ ፊደል ሳትስት ጻፈች፤ ማሽኑ ጠፍቶ እስኪበራም ቆማ ጠበቀችው። ከዚያ ምሳ ዕቃዋን ከፈተች። እንደ ልማዷ ሁለት ሹካ ይዛ መጥታ ኖሯል። አንዱን ወደ ቦርሳዋ መለሰችና ቁጭ ብላ መብላት ጀመረች።