በአንድ ስበት የተፈታ ቋጠሮ

ይህን የምጽፈው የልጅ ልጄን ስልክ ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው። በየመሐሉ ጭኔ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ አላነሳውም። ሐያት ከግድግዳው ማዶ ተቀምጣ ታጠናለች። ሐሙስ የመጨረሻ ፈተናዋ ነው። ስልኩ ተበላሽቶ ለሠሪ ተሰጥቷል ተብሎ ተነግሯታል። የነገርኳትም እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐያትን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ኮምቦልቻ ያሳደገቻት እህቴ ከድጃ በቅርቡ አረፈች። የሐያት እናት፣ ልጄ ማለት ነው፣ ሰርግ ተጠርቻለሁ ብላ ጥቁር ልብሷን ከሻንጣው ግርጌ ደብቃ ከላምበረት ተሳፈረች። የቀረው ዘመድ ተሰብስቦ መከረና ልጅቷ ፈተናዋን እስክትጨርስ መርዶው ይቆይ አለ። እስከዚያ ማን ይያዛት ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አልገረመኝም። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አሳምሮ የሚናገርም፣ ካስፈለገ አሳምሮ ዝም የሚልም ከእኔ ሌላ የለም።

ሐያት የምትማረው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍና የፈጠራ ጽሑፍ ነው። በቤተሰባችን ከእሷ በፊት ይህን የተማረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ተማርኩ ስል ግን ሌላው እንደሚማረው አይምሰላችሁ። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ደሴ አቅራቢያ ካለችው ሐይቅ ከተማ አዲስ አበባ ስመጣ የያዝኩት የእንግሊዝኛ እውቀት ቀለማትና የሳምንቱ ቀናት ብቻ ነበር። አጎቴ ይማም ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበረው፤ እዚያ ገባሁ። አንድ ደንበኛ ጥሎት የሄደ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ከፍሬን ሸራዎቹ መሐል አገኘሁና ከባንኮኒው ሥር አስቀምጬ ገጽ በገጽ አጠናሁት። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ስለሌሉት በ«ኤ» በሚጀምሩ ቃላት ትደናቀፋለህ የሚሉኝ ነበሩ። ቅናት ነው። አስተማሪ ሳይኖረኝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በግል ተፈትኜ አለፍኩ፤ ቀጥዬም ዩኒቨርሲቲው የማታ ትምህርት ክፍል ገባሁ፤ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ። ከክፍል ጓደኞቼ መሐል ሹራቡ የግሪስ ሽታ ያለው እኔ ብቻ ነበርኩ። እጄን ቀድሜ የማወጣውም እኔው ነበርኩ።

ዛሬም የምኖርበት ወሎ ሰፈር ያን ጊዜ እንዳሁኑ በሕንፃ አልታፈነም። ከሱቃችን ጀርባ ትንሽ ሲኬድ የገበሬ ማሳ ነበር። ሰኔ ሲገባ የታረሰ አፈር ሽታ ከጋራዦቹ የተቃጠለ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ይንጫጫል፤ እኛም ወሬያችንን አቁመን እንጠብቅና ከተውንበት እንቀጥላለን።

የክፍል ጓደኛዬ ገመቹ ከአውሮፕላን ማረፊያው ማዶ ከነበሩት የገበሬ መንደሮች የአንዱ ልጅ ነበር። በእንግሊዝኛ እኔን አያክልም፤ እሱም ያውቀዋል። «ዲክሽነሪ» እያለ ይጠራኝ ነበር፤ ሲፈልግ ለሙገሳ፣ ሲፈልግ ለስድብ።

እናቴ ሐይቅ ነበረች። ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን ገበያ በወጣች ቁጥር ልጄ የፈረንጅን ቋንቋ ከሥሩ እየማረ ነው ትል እንደነበር የጭነት መኪና ሾፌሩ ጋሼ እንድሪስ ይነግረኛል። በእሱ እጅ በሶ ትልክልኛለች፣ በአቡጀዴ ከረጢት። የከረጢቱን አፍ የምትቋጥረው ግን እንደ ሰው አልነበረም። ግራኝ ስለሆነች ይሁን ሾፌርን ስለማታምን፣ ገመዱን አጠላልፋ፣ መልሳ አሾልካ፣ በመጨረሻ ጫፉን ከውስጥ ትቀብረዋለች። የቋጠሮውን ጫፍ ፈልጎ ያገኘ ሰው የለም። እኔ በጥርሴ ነበር የምፈታው። የአጎቴ ሚስት አክስቴ ዘይነብ መቀስ ይዛ ቆማ ትስቅብኛለች፤ እኔ ግን እናቴ የቋጠረችውን በብረት አልቆርጥም ብዬ እታገላለሁ።

በዚያ ሰኔ የመጨረሻ ዓመት ፈተና ደርሶብኝ ነበር። አጎቴ በድንገት ዕቃ ልገዛ ደሴ እሄዳለሁ ብሎ ተነሣ። የመኪና ዕቃ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ይሄዳል እንጂ ከደሴ ሲመጣ አይቼ አላውቅም፤ ሆኖም ያን ጊዜ ጭንቅላቴ በግጥም ስንኝ ተሞልቶ ስለነበር አላሰብኩበትም። ሲመለስ ድምፁ ተዘግቷል፤ ዕቃም አልያዘም። መብራት ፈጀህ እያለ የሚነጫነጭብኝ ሰው «አጥና፣ አጥና» ማለት ጀመረ። ባለሥጋ ቤቱ ሳልጠይቀው ጨመረልኝ። የጎረቤት ሴቶች በራችን ላይ ቆመው ሲያወሩ እኔ ብቅ ስል ዝም ይሉና ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለ ዝናቡ ይጀምራሉ።

ከዚያ ጋሼ እንድሪስ መጣ። ከረጢቱን ከጋቢናው አውርዶ ሰጠኝና ሻይ እንኳ ሳይጠጣ መንገድ አለብኝ ብሎ ሄደ።

ከረጢቱን ጓዳ ወስጄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከወትሮው ከበድ ይላል። በጥርሴ ልይዘው ጎንበስ ስል የገመዱ ጫፍ ከውጭ ተንጠልጥሎ አየሁ። ሳብ አደረግሁት። በአንድ ስበት ተፈታ።

ገመዱ እጄ ላይ ነበር። ዘመዶቼ ሁሉን ነገር አስበዋል፤ በሶው ከቀረ ይጠረጥራል ብለው ገብስ ቆልተው፣ አስፈጭተው፣ ከረጢቱን እንኳ ከአቡጀዴ ሰፍተው ልከዋል። ስለ ቋጠሮው ግን ማንም አላሰበም። ከእሷና ከእኔ ጥርስ በስተቀር የሚያውቀው አልነበረምና።

ተነሥቼ በሶውን በውሃ በጠበጥኩ። ስኳር ነበረበት። እናቴ በበሶ ውስጥ ስኳር ጨምራ አታውቅም፤ ያሳዘንኳቸው ሰዎች ናቸው የጨመሩት። አክስቴ ዘይነብ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ጣፈጠህ፣ ሰይድ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «የእናቴ እጅ አልተለወጠም።»

ፊቷን አዙራ ወጣች።

ለምን አልተናገርኩም? ብናገር ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይሞላል፣ ፈተናው ይቀራል፤ እናቴ ደግሞ ከገበያ ሰው ጋር የተወራረደችው በዚያ ፈተና ነበር ማለት ይቻላል። አንደኛው ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ደግሞ የምናገረው ነገር አልነበረኝም። ሰዎች ሐዘን ያቃጥላል ይላሉ። እኔን አላቃጠለኝም። ረጅም ሰዓት እንደተቀመጡበት እግር ነበርኩ፤ የራሴ እንደሆነ አያለሁ፣ ስነካው ግን የሌላ ሰው ነው። በላሁ። ተኛሁ። ዕቃ ሸጥኩ። ደንበኛ ሲቀልድ ሳቅሁ፤ ሳቁም በሰዓቱ ነበር የወጣው። እንዲያውም ያን ሰሞን እንዳጠናሁት አጥንቼ አላውቅም።

የፈጠራ ጽሑፍ ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ገመቹ ከቤት ሊወስደኝ መጣ፤ አጎቴ በር ላይ ለብቻው ወስዶ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ከዚያ እስከ ኦሎምፒያ በእግራችን ሄድን። ጭቃው ጫማችንን ይስብ ነበር። ወትሮ መንገዱን በሙሉ የሚለፈልፈው ልጅ ቃል አልተነፈሰም። ኦሎምፒያ ስንደርስ ዝናቡ ወረደና አንድ ሱቅ ክዳን ሥር ተጠግተን አውቶቡስ እንጠብቅ ጀመር።

«ዲክሽነሪ» አለኝ።

«አቤት።»

«ከፈለግህ ዛሬ አንገባም።»

«ምነው?»

«እንዲሁ ነው። ዝናቡም አለ። ለከርሞ እንፈተናለን።»

«አንተም?»

«እኔም። ብቻዬን ገብቼ ከማን ልቀዳ ነው?»

አየሁት። ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አላነሳም። አባቱ የእሱን ምረቃ ካዩ በሬ ሊያርዱ የተሳሉ ሰው ናቸው። ያ ልጅ ዓመቱን በሙሉ፣ ከነበሬው፣ ለእኔ ሊጥልልኝ ነበር፤ ምክንያቱን ግን ለመናገር አልተፈቀደለትም። አንድ ነገር ልለው ፈለግሁ። ማወቄን ልነግረው አፌ ድረስ መጣ።

«አውቶቡሱ መጣ» አልኩት።

ገባን። ጥያቄው ስለ አንድ ቤት ጻፉ የሚል ነበር። የሆነውን እንዳለ ጻፍኩት፤ ሰፈር ሙሉ ሰው ከአንድ ጎረምሳ የእናቱን ሞት ሲደብቅ፣ ከደሴ ዕቃ ገዛሁ የሚለውን ነጋዴ፣ ሥጋ የሚጨምረውን ባለሥጋ ቤት፣ በአንድ ስበት የተፈታውን ቋጠሮ። ከሁሉም ቀድሜ አስረከብኩ።

በማግስቱ ገና ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ማን እንደሆነ ማወቅ አላስፈለገኝም። ተነሥቼ ሱሪዬን ለበስኩና አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አጎቴ ገባ፣ የመስጊዱ ሽማግሌዎች ተከተሉ፣ ከኋላ ሴቶቹ፤ ገመቹና አባቱም ነበሩ። ሁለት ጎልማሶች መጥተው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ልማዱን አውቀዋለሁ፤ መርዶ የሚረዳ ሰው ራሱን እንዳይጎዳ ክንዱን ለመያዝ ነው። አንደኛው ሽማግሌ ሁላችንም ከአላህ ነን፣ ወደ እሱም ተመላሾች ነን አሉ። አጎቴ የእናቴን ስም ጠራና ቀሪውን መጨረስ አቃተው።

ሁሉም እኔን አዩ። ጎልማሶቹ ክንዴን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ፤ የሚያዝ ነገር ግን አልነበረም። እንደተቀመጥኩ ነኝ። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ያንን ሁሉ ጊዜ የተሸከሙት ነገር ፊታቸው ላይ ተጽፎ ነበር፤ አክስቴ ከስታለች። ዝም ካልኩ የተሸከሙት ነገር የት ይወርድላቸዋል? ጋቢውን ፊቴ ላይ ሳብኩና ጮህኩ። እንባ አልነበረም፤ ድምፅ ብቻ ነው። እናቴን በስሟ እየጠራሁ፣ ማሬ፣ በለሴ እያልኩ፣ የሐይቅ ሴቶች እንደሚያወርዱት አወረድኩት። ቤቱ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ሁሉም አለቀሱ፤ አጎቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። በሕይወቴ ብዙ ጽፌያለሁ፤ እንደዚያን ጠዋቱ ያለ የፈጠራ ሥራ ግን ወጥቶልኝ አያውቅም።

ውጤት ሲመጣ የፈተና ወረቀቴን ወስጄ አየሁ። ያስተማረን ህንዳዊ መምህር ከክፍሉ ከፍተኛውን ሰጥቶኛል፤ «ኤ ማይነስ»። ከሥሩ በቀይ፣ ቋንቋው ድንቅ ነው፤ ታሪኩ ግን አይታመንም፣ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው እንዲህ ያለ ምስጢር መጠበቅ አይችልም የሚል ጽፎበታል። እስከ ዛሬ ያችን «ማይነስ» አልተቀበልኳትም።

ገመቹም አለፈ። በሬውም ታረደ። ማወቄን ሳልነግረው አብረን አረጀን፤ እሱም እኔ ሳልነግረው ሞተ።

ሐያት ዛሬ ምሳ ልትበላ ከክፍሏ ወጣች። እስከ ትናንት ወዲያ ድረስ በየቀኑ «ለእማማ ከድጃ ደወላችሁላት?» ትለኝ ነበር። ከትናንት ወዲያ ወዲህ አልጠየቀችም። ሽሮውን እያጠቀሰች በላች፤ አንድ በአንድ፣ በሥርዓት።

«ጥሩ ነው፣ አባባ» አለችኝ። «በጣም ጥሩ ሽሮ ነው።»

ሽሮው ጨው አልነበረውም። እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ጨው መርሳቴን ያወቅሁት እሷ ከመምጣቷ በፊት ነው።

ስልኩን ከኪሴ አወጣሁና ከሳህኑ አጠገብ አኖርኩት። አየችው። እጇን ግን አልዘረጋችም።

«እርስዎ ጋ ይቆይ» አለችኝ። «ከፋይናል በኋላ ይሰጡኛል።»

«እሺ።»

ውሃ ጠጣች። ብርጭቆውን ሳታስቀምጥ «ሲመጡ ማልቀስ ቢያቅተኝስ?» አለች።

«እኔ አለሁ» አልኳት። «ለሁለታችንም እጮሃለሁ። በዚህ ነገር በአዲስ አበባ የሚወዳደረኝ የለም።»

ፈገግ ልትል ነበር መሰለኝ። ሳህኗን አነሳችና ወደ መጽሐፏ ተመለሰች። እኔም ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ለከድጃ እስካሁን አላለቀስኩም፤ ይመጣ እንደሆነ አላውቅም፤ የእናቴም ገና አልመጣም። ድሮ በዚህ ሰፈር የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሆኖ የሚበላ፣ የሚያጠና አንድ ሰው ነበር። አሁን ሁለት ነን።