ከቤታችን የጎደለው ድምፅ

ልጄ የምርጫ ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት በስልኩ አንስቶ መጣ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቁጥር ግን ስልክ ስደውል ለምጄዋለሁ። የአሸናፊው ቁጥር ረዥም ነው። ከልጄ ፓርቲ ምልክት፣ ከመሰላሉ አጠገብ ያለችው ግን አንዲት ብቻዋን የቆመች ቁጥር ናት። ሁለት።

ምሳ ቀርቦ ነበር። እጁን የሰደደ የለም።

እኛ ቤት የምንመርጠው ሦስት ነን፤ ተወዳዳሪው ልጄ፣ ሚስቱና እኔ። ሦስታችንም እዚሁ አብነት ሰፈር፣ አንድ ጣቢያ ነው የመረጥነው። እንግዲህ ከሰፈሩ አንድ ሰው እንኳን አልመረጠውም፤ ይሄስ ይሁን። ከገዛ ቤቱም አንድ ሰው ጎድሏል።

"ሰረቁን እንዳልል የኛ ታዛቢ ከሌላ ሰፈር ድረስ መጥቶ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ነው የተቆጠረው" አለ። ከዚያ ሚስቱን አያት። "አንቺ ነሽ።"

"እኔ ምን?"

"ሥራህን ትተህ ወረቀት ስትበትን ትውላለህ እያልሽ ስትነጫነጪ አልነበር? አንቺ ነሽ።"

ብድግ አለች። "ይሄን ካመንክ እናቴ ቤት ነኝ" ብላ ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች። ድምጿን እንኳን ከፍ አላደረገችም፤ እሱ ነው ያስፈራኝ። የምትጮህ ሚስት የትም አትሄድም።

እኔ ጣቴን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ። የምርጫው ቀለም የሦስታችንም ጣት ላይ አለ፤ የኔው ግን የሚያሳብቅብኝ መሰለኝ። ዝም ብል ማን ያውቃል? ልደታ ማርያም ታውቃለች።

በሩ ጋ ስትደርስ፣ "ልጄ፣ የመሰላልህን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ቀልዱ ያወጣኛል ብዬ ነበር። የሳቀ የለም።

"እማዬ፣ አንቺ?"

"እኔ።"

"የገዛ ልጅሽን?"

"የኔ ጌታ፣ ለሠርግህ አክስትህን ደጇ ድረስ ሄደን ባንጠራት ትመጣ ነበር? አንተ አንድ ቀን ምረጪኝ ብለኸኛል? ጓደኞችህ ሳሎን ገብተው፣ በር ዘግተው ስለ ሕዝብ ያወራሉ፤ እኔ ውሃ ይዤ ስገባ ዝም ይላሉ። የዚያኛው ፓርቲ ልጅ ደጄ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቴ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ።"

"ለጉልበትሽ ብለሽ ጣልሽኝ?"

"ሌላ የጠየቀው የለማ። እናትህን ያልጠየቅህ የጎረቤቱን በር መቼ ልታንኳኳ ነው? ሁለት ማግኘትህም ደግ ነው።"

"እናቴ ናት፣ የት ትሄዳለች ብዬ ነዋ" አለ ቀስ ብሎ።

"ሰፈሩንም እንደዚያው ብላችሁት ይሆናል።"

ሚስቱ በሩ ላይ እንደቆመች፣ "እኔንም አልጠየቅኸኝም። እኔ ግን ሰጠሁህ" አለችው።

ያኔ አንገቱን ደፋ። ነጠላዋን አላወረደችም። ልጄ ተነስቶ የእጅ ማስታጠቢያውን አመጣና "ማሪኝ፤ ነይ ታጠቢ" አላት። ቆየች። እኔ የሚቀዘቅዘውን ወጥ አያለሁ። ኋላ መጥታ እጇን ዘረጋች፤ አፈሰሰላት።

እኔም እጄን ዘረጋሁ። አልፎኝ ማስታጠቢያውን ቦታው መለሰ።

ይበለኝ። ሳልጠየቅ እጄን ማን ዘርጊ አለኝ።