ምን ጫነ?

ከወደቡ በር ተነስቶ ወደ መሀል አገር የሚወጣው አሮጌው መንገድ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ እንዳኮረፈ ሰው ድንገት ፊቱን ያዞራል። እዚያ ጥግ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለ፤ በረንዳው ወደ መንገዱ አስግጎ የቆመ። ቤቱን የሠራው ሰው መንገዱን አላየውም፣ ወይም አይቶ ንቆታል። ሲሚንቶ ከአእምሮ ይልቅ በረከሰበት ዘመን የተሠራ መሆኑ ግን ያስታውቃል።

ሸራ ሰፊዋ ዕድሜዋን የጨረሰችው በዚህ በረንዳ ላይ ነው። ሥራዋ ለከባድ መኪና ሸራ መስፋት ነበር። ቀሚስ ስፊልኝ ያላት ሰው የለም፤ ቢኖርም እጅጌው ላይ የገመድ ማሰሪያ ቀለበት ሳታበጅለት አትመልሰውም ነበር። መዳፏ ከመርፌ ብዛት እንደ ጫማ ሶል ጠጥሮ፣ እጇን የጨበጣት ወንድ ሁሉ ሳያስበው ይቅርታ ይላል።

ሌላው ሰው በዕረፍት ቀኑ ሲኒማ ሲገባ እሷ በረንዳዋ ላይ ወንበር አውጥታ የሚያልፈውን ትመለከታለች። ተሳቢውን ገና ከዳቦ ቤቱ ማዶ ስታየው በሸራው ሥር ያለውን ትናገራለች። «ሸራ ሐሜተኛ ነው» ትላለች፣ «ልሸፍን ብሎ ገበናውን ሁሉ ያወጣል።» ከፊቱ ጠቦ ከኋላው ያበጠው የፊት ምላጩ የተፈታ ዶዘር ነው። መሀሉ ላይ ጉብ ያለው ጀነሬተር ነው። ጀርባው ልሙጥ ሆኖ ጎኑ የሚያሳክከው የሚመስለው ደግሞ ክሬን ነው፤ በየቦታው ሸራውን የሚወጋ ነገር አያጣም።

ሟች ባሏ ሽቦ አንሺ ነበር። ግዙፍ ዕቃ ከወደብ ሲወጣ፣ ጫፉ ባላ የሆነ ረጅም እንጨት ይዞ ከመኪናው ፊት ፊት እየሄደ የመብራትና የስልክ ሽቦ ቀና የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል። በከተማው ውስጥ ጉልበት ያለው ማሽን ሁሉ ይሄንን አንድ እንጨት የያዘ ቀጭን ሰው ተከትሎ ነው የሚሄደው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ፋብሪካ ይደርስና ሪባን ይቆረጥለታል፤ እንጨቱን የያዘው ሰው ግን ቤቱ ገብቶ ትከሻውን ያሻል።

የተዋወቁትም በሥራ ላይ ነው። ያኔ እሷ ገና ልጃገረድ ሆና የልብስ ማስጫ ገመዷን ከበረንዳው እስከ ማዶው ምሰሶ ዘርግታዋለች።

«እሜቴ! ገመድሽን አንሺልኝ፣ ቦይለር እየመጣ ነው!»

«ቦይለሩ ወገብ የለውም? ጎንበስ ብሎ ይለፍ!»

«እሱስ ጎንበስ አይልም። እኔ ግን እላለሁ» አለና እንጨቱን እንደያዘ መሀል መንገድ ላይ እጅ ነሳት። ከኋላው ቦይለሩ ቆመ፤ ከቦይለሩ ኋላ የመኪናው ሰልፍ ቆመ፤ ሹፌሮቹ ክላክሱን አቀለጡት። ለሠርጓ ከዚያ የበለጠ ሙዚቃ አልነበራትም።

ተጋብተው ብዙም ሳይቆዩ አንድ ትልቅ ጋን የጫነ ተሳቢ ሲታጠፍ የበረንዳውን መደገፊያ ብረት ገጭቶ አጎበጠው። ሁሉም «በይደው» አለ። ሽቦ አንሺው ግን አቃንቶ በአራት ቡሎን አሰረው፤ ትልቅ ዕቃ ሲመጣ ፈትቶ ያስገባዋል፣ ሲያልፍ መልሶ ያስረዋል። ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ሌላው ሚስቱን ይፈታል፣ ይሄ በረንዳውን ይፈታል!» ተባለ። እሱም ሳቀ። ያ ብረት ከዚያ ወዲህ አንድ ጭረት አላገኘውም፤ ከሳቁት መካከል ሁለቱ ግን የበረንዳቸውን ስብርባሪ ከመንገድ ለቅመዋል።

ጨዋታቸው ደግሞ ይሄ ነበር። ዕቃውን እየመራ በረንዳው ሥር ሲደርስ ቀና ብሎ «ምን ጫነ?» ብሎ ይጮሃል። እሷ ሸራውን አይታ «ግሬደር!» ትላለች። እሱ ደግሞ የራሱን ይገምታል፤ የተሳሳተ ሳህን ያጥባል። እሱ ታዲያ አንድም ቀን አግኝቶ አያውቅም። ከወደብ የወጣ ነገር ሁሉ ለሱ ጀልባ ነው። «ጀልባ ነው!» ሲል ዳቦ ቤቱ ይስቃል፣ ሹፌሩ ይስቃል፤ ማታ ሽቦ አንሺው እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን ያጥባል። እሷም ከኋላው ቆማ «ሲሠራበት ውሎ ምን እንደመራ የማያውቅ!» እያለች ትኮራበታለች።

ያኔ መንገዱ ሕይወት ነበረው። ተሳቢ ሲያልፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ብርጭቆ እርስ በርሱ ይንሾካሾካል። የናፍጣው ሽታ መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ያድራል። ሹፌሮቹ ጥጉ ላይ ሲደርሱ ማርሽ ቀንሰው ይሰድቧታል፣ ትሰድባቸዋለች፤ ከሰላምታ ይቆጠር ነበር። አንዱ በተለየ አጭር ክላክስ ይጠራትና በመስኮቱ እጁን ብቻ አውጥቶ ያልፋል። ፊቱን ሳታየው ጡረታ ወጣ።

ከዚያ ከተማዋን የሚዞር ማለፊያ መንገድ ተሠራ። በምረቃው ላይ ባለሥልጣኑ «ከተማችን ከዛሬ ጀምሮ ተነፈሰች» አለ። እውነት ነው፣ ጎማዋ እንደተነፈሰ መኪና እዚያው ቁጭ አለች። ከባዱ መኪና በሙሉ በዚያ ዞሮ ሄደ። ብርጭቆዎቹ ዝም አሉ። ሽቦ አንሺውም ብዙ አልቆየም። ሐኪሙ ሳንባው ነው አለ፤ እሷ ግን ሐኪምን አምና አታውቅም፣ «ቀና ብሎ የሚያየው ነገር አጥቶ ነው» ትላለች። ባላውን ከበሩ ኋላ አቆመችው። በረንዳው ላይ ግን መቀመጧን አልተወችም። አሁን የሚያልፈው ውሃ የጫነች ፒካፕ ነው፤ ሸራ እንኳ የላትም፤ ገበናዋን አውጥታ ነው የምትሄደው።

አንድ ረቡዕ ታዲያ የከባድ ዕቃ አጃቢዎች አለቃ ሜትር ይዞ በሯን አንኳኳ። ትሑት ሰው ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ ነው የገባው።

«እማማ፣ እሁድ ጠዋት ትልቅ ዕቃ በዚህ ሊያልፍ ነው።»

«በዚህ?» ወንበሯን ያዘች። «አዲሱ መንገድ ምን ሆነ?»

አለቃው አንገቱን አከከ። ለካ ማዘጋጃ ቤቱ በአዲሱ መንገድ ላይ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል የብረት ቅስት አቁሟል፤ ዕቃው ደግሞ ከቅስቱ ይበልጣል። እንግዳ ተቀባዩ እንግዳውን አላስገባ አለ። ቅስቱ እንዳይነሳ ገና ቀለሙ አልደረቀም፣ ክብርም አለበት። የመበለት በረንዳ ግን ክብር የለውም፤ ብረቱ በግራይንደር ይቆረጣል።

ከኋላው የገባው የቤቱ አከራይ ነገሩ ጣመው። «ይቆረጥ! ብረት የሌለው በረንዳ አደጋ ነው፣ በዚያው በብሎኬት እደፍነዋለሁ። ጥሩ መጋዘን ይወጣዋል።» ሰውየው ዕድሜ ልኩን ሰማይ ባየ ቁጥር የሚያስበው በወር ስንት እንደሚከራይ ነው።

«ብረቱ ይፈታል» አለች ሸራ ሰፊዋ።

«ይፈታል?» አለ አለቃው ጎንበስ ብሎ። ቡሎን የሚመስል ነገር አልታየውም። አከራዩ ቤት ማደስ የሚለው ቀለም በቀለም ላይ መደረብ ስለሆነ አራቱም እንደ ኪንታሮት አብጠው ቀርተዋል። «እንግዲህ እማማ፣ እስከ እሁድ ጠዋት ከፈቱት አንነካብዎትም። ካልሆነ ግን ትእዛዝ ነው።»

አከራዩ በማግስቱ ብሎኬቱን አስመጥቶ ቤቱ ሥር፣ መንገዱ ዳር ደረደረ። ለልቅሶ ድንኳን የሚጥል ሰው እንኳ በሽተኛው እስኪሞት ይጠብቃል።

እሷም ቀለሙን በቢላ ፋቀች፣ ነጭ ጋዝ በጨርቅ እየነከረች አጠጣችው። ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቷ ጋሽ ፍሬን መፍቻውን ይዞ መጣ። የድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ስሙ የወጣለት ፍሬን ስለሚወድ ሳይሆን አንድ ቀን ፍሬን አጥቶ ዳቦ ቤቱ የዱቄት ክምር ውስጥ ገብቶ ስለቆመ ነው። ያ በአጭር ክላክስ ይጠራት የነበረው እጅ የሱ ነበር።

«እትዬ ሸራ፣ ይሄ በረንዳ ነው ባንክ ቤት?»

«ምላስህን ትተህ ክንድህን አምጣው።»

አንደኛው ቡሎን እያቃሰተ ተፈታ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው ጋሽ ፍሬንን ላብ አስጠምቆ፣ አባቱን አሰድቦ ወጣ። አራተኛው ግን እምቢ አለ። ነጭ ጋዝ ጠጣ፣ እምቢ። በመዶሻ ተነካካ፣ እምቢ።

«ሰውዬሽ ሲያጠብቅ መርከብ የሚያስር ነው የሚመስለው!» አለ ጋሽ ፍሬን መዳፉን እየነፋ።

«የሱን ነገር አትንካብኝ። ክንዱ ብርቱ ነበር።»

«ክንዱማ ብርቱ ነው። ሆዱ ነው እንጂ ያልቻለው። አንድ ቀን እንኳ ጨከን ብሎ ቢያሸንፍሽ ምን ነበረበት…»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጋሽ ፍሬን መፍቻውን እንደ አዲስ ዕቃ ያገላብጥ ጀመር።

«ምን አልክ?»

«ምንም።»

«አሁን ነው ፍሬን የምትይዘው? ተናገር!»

«አይ እትዬ… ሸራውን የሚያለብሰው እኮ እሱ ነበር። ወደቡ ውስጥ ከነዚያ ጉልበተኞች ጋር ገመዱን ሲጎትት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ዕቃውን ራቁቱን ያየዋል። ደግሞስ ቁመቱን ያላወቀ ሰው ሽቦ እንዴት ያነሳል?»

«እኛ በር ላይ ነው የምንረከበው፣ ተሸፍኖ ነው የሚመጣው ይለኝ ነበር።»

«ይልሻላ!»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«እኔ አውቃለሁ። ዳቦ ቤቱ ያውቃል። የሰፈሩ መካኒክም ያውቃል። ሆድ ይፍጀው ብለን ነዋ፤ ሰው ጀልባ ባለ ቁጥር በከንቱ የምንስቅ ይመስልሻል?»

በሸራ ሰፊዋ ዓይን ላይ የመጣው የኩሽናው ዕቃ ማጠቢያ ነው፤ ባሏ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ ትከሻው እየተነቃነቀ። ድካም ነው ትለው ነበር። ለካ እየሳቀ ነው።

«ዕድሜዬን ሙሉ አሞኘኝ!»

«አሞኘሽ? ሳህን አጠበልሽ እንጂ! እኔንም እንዲህ የሚያሞኘኝ በተገኘ!»

መፍቻውን ከእጁ ነጠቀችው። «ጀልባ!» አለች ቡሎኑን በመፍቻው ነክሳ ስትይዘው። «አንተ ውሸታም! ጀልባ!» ያ ሸራ የወጋ ክንድ፣ ያ እንደ ሶል የጠጠረ መዳፍ፣ ያ የተታለለ ኩራት ሁሉ ባንድ ላይ ተንጠለጠለበት። ቡሎኑ እንደ ድመት ጮኸ። ከዚያ ዞረ።

አውጥታ አየችው። ውጪው ቀለምና ዝገት ነው፤ ጥርሱ ውስጥ ያለው ግራሶ ግን ትናንት የተቀባ ይመስል ቢጫነቱ አልለቀቀም። ሰውየው ሲያጠብቅ የሚፈታበትን ቀን አስቦለት ነበር። በጣቷ ነካችው። ዓይኔ ውስጥ ዝገት ገባ አለች። ጋሽ ፍሬንም የሱም ዓይን ውስጥ ገባ። በዚያ ቀን በረንዳው ላይ የነበረው ዝገት ለከተማው ይበቃ ነበር።

እሁድ ጠዋት አለቃው ግራይንደሩን አስይዞ መጣና ቀና ሲል በረንዳው ባዶውን ነው። ብረቱ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ እንደ እንግዳ ተቀምጧል። አለቃው ፈገግ አለ፤ ከዚያ ዓይኑ መንገዱ ዳር ወደተደረደረው ብሎኬት ወረደ።

«ይሄን የዕቃ መተላለፊያ የዘጋው ማነው? አሁኑኑ ይነሳ!»

አከራዩ በነጭ ሸሚዙ ብሎኬቱን አንድ በአንድ እያቀፈ ወደ ጓሮ ገባ። ከበረንዳው ብረት ይልቅ የሱ ወገብ ነው በዚያ ቀን የተቆረጠው።

ሸራ ሰፊዋ የበረንዳው በር ደፍ ላይ ወንበሯን አድርጋ ተቀመጠች። መጀመሪያ የሰማችው ቁም ሳጥኑን ነው፤ ብርጭቆዎቹ አንድ ነገር እንዳስታወሱ ሁሉ መንሾካሾክ ጀመሩ። ከዚያ ሽቦ አንሺዎቹ ብቅ አሉ፤ እንጨታቸው ፕላስቲክ ሆኗል፣ አካሄዱ ግን ያው ነው፣ አንገት ወደ ላይ፣ እግር በዳበሳ። ከኋላቸው ዕቃው ጥጉን ሞልቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰማዩን ጋርዶ ታጠፈ። በረንዳውን ሊስመው ምንም አልቀረውም። እጇን ዘርግታ ሸራውን ነካችው። በእሳት የተጣበቀ ፕላስቲክ ነው፣ አንድ ስፌት የለውም። «ቱ! ይሄም ሸራ ተብሎ» አለች። ያም ሆኖ ሐሜቱን አልተወም፤ ክብ ሆድ፣ በየመሀሉ እንደ ቀለበት ያበጠ፣ ወፍራም ብረት። የሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ነው። ገና ከዳቦ ቤቱ ማዶ ሳለ አውቃዋለች።

ከታች ጋሽ ፍሬን ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

«እትዬ! ምን ጫነ?»

ዳቦ ጋጋሪው በሩ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። ሽቦ አንሺዎቹ እንኳ ወደ በረንዳው አዩ።

«ጀልባ ነው!» አለች።

ወጣቶቹ ሽቦ አንሺዎች ሳቁ። አለቃው «ኧረ እማማ፣ ምድጃ ነው!» አለ። ዳቦ ጋጋሪው አልሳቀም፤ ጋሽ ፍሬንም አልሳቀም፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

እሷ ተነስታ ኩሽና ገባች። የሚታጠብ ብዙም የለም፤ ብቻዋን የምትበላ ሴት የምታቆሽሸው አንድ ሳህን ነው፣ እሱም ታጥቧል። የመደርደሪያውን ሳህን ሁሉ አውርዳ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እየሳቀች አጠበችው።

ጋሽ ፍሬን በረንዳው ላይ ብረቱን መልሶ ገጥሞ፣ አዲስ ግራሶ ቀብቶ፣ አራተኛው ቡሎን ላይ ደርሷል።

«እትዬ! ምን ያህል ላጥብቀው?»

«ቅስቱ አሁንም እንደቆመ ነው?»

«መች ይነቀላል! መብራት ሊያደርጉለትም ነው አሉ።»

«እንግዲያው» አለች እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ «እንዲፈታ አድርገህ አጥብቀው።»