ፍሬሽ ማለት ያቃተኝ ቀን

ጣና ጠዋት ላይ ውኃ አይመስልም። ሰማዩ ወርዶ የተኛበት ይመስላል፤ ታንኳዎቹም ከውስጡ ቀስ እያሉ ብቅ ይላሉ። እኔ ባሕር ዳር፣ ከአንድ ዓሣ ቤት በታች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቅርፊት በቢላዋ ስፍቅ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ አልተማርሁም፤ ሰው ፊት መቆምም ያስፈራኛል። ግን ከላይ፣ እንግዶቹ ከሚቀመጡበት ዛፍ ጥላ ሥር፣ ነጭ ሽርጥ ታጥቄ እንግዳ ማስተናገድ እመኝ ነበር።

አንድ ቀን አሠሪዬ እትዬ ሽርጡን ሰጡኝ። ብዙ ማውራት እንደማይጠበቅብኝ፣ ዓሣው እንዴት ነው ላለኝ ሁሉ «ፍሬሽ ነው» ማለት እንደሚበቃ ነገሩኝ።

ቃሉን ወደድሁት። እኛ ቤት ቅቤው ለጋ ነው፣ ሣሩ እርጥብ፣ ዳቦው ትኩስ፣ በቆሎው እሸት። ይኼ ግን ለሁሉም ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ የገቡት አዲስ ልጆች ራሳቸውን ፍሬሽ ይላሉ፤ የማንጎ ጭማቂ ሲያዙም ፍሬሽ ይሁን ይላሉ። አንዷ ሐይቁ ዳር ፊቷን ታጥባ መጣችና፣ ጠብታው ከቅንድቧ ሳይወርድ፣ «ኡፍ፣ ፍሬሽ ሆንኩ» አለች። ሰውም፣ ዓሣም፣ ጭማቂም ያን ቃል ሲለብስ ዝናብ የነካው ቅጠል የሚሸት ይመስለኛል። ያን ሳምንት ሳህን ይዤ ስመላለስ መሬት የምረግጥ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ንፋስ ተነሣ። ሁለት ቀን ታንኳ አልወጣም። ፍሪጅ ውስጥ የቀረው የከትናንት ወዲያ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ብቻ ነበር። እንደ ልማዴ ከጭንቅላቱ ሥር ያለውን የመተንፈሻውን ክዳን ገለጥሁት፤ ዓሣው የዕለቱ ሲሆን ቀይ የሚሆነው ውስጡ ጠቁሯል።

ያን ቀን ከወረታ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ሴትዮዋ ከሕመም ገና መነሣታቸው ነው። እህል አልወርድላቸው ብሎ ሰንብቶ ዛሬ ዓሣ አማራቸው አሉኝ ሽማግሌው።

«ዓሣው እንዴት ነው፣ ልጄ?»

እትዬ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ሴትዮዋን አየሁ፤ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«የከትናንት ወዲያ ነው፣ አባባ» አልሁ።

ሴትዮዋ ባላቸውን በዓይናቸው እያሳዩኝ፣ «እኒህስ ቢሆኑ የዛሬ ናቸው?» አሉኝና ሳቁ። ከዚያ ቀጠን ያለ ሽሮ አዘዙ።

እትዬ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። አልጮኹም።

«አንቺስ ቢላዋው ይሻልሻል» አሉኝ።

ሽርጡን ፈትቼ፣ አጥፌ ሰጠኋቸው። ሌላ ልጅ እዚያው ታጠቀችው። ፊቴ እየነደደ ወደ ውኃው ወረድሁና ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። የሚፋቅ ነገር አልነበረም። ቀና ስል ሴትዮዋ ይታዩኛል። አንዴ እየጎረሱ፣ አንዴ ሐይቁን እያዩ፣ ቀስ ብለው ሽሯቸውን ጨረሱት።