የካሣዬ ነጭ ክር

ካሣዬን የማያውቅ የጅጅጋ ሹፌር የለም። በሰማንያ ስምንት ከናዝሬት መጥቶ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የጀመረ ነው። ሽቦ ሲቀጥል ፕላስተሩን ጠቅልሎ ጫፉን በነጭ ክር ያስራል። እኔ ያሰርኩት አይፈታም ይላል፤ ጉራው አይጣል ነው።

እኔ ደበሌ ከጋራዡ ፊት ለፊት ባትሪ እሸጣለሁ። ምሳ አብረን ነበር የምንበላው፣ ያቺ የዋርፋ ላንድክሩዘር እስክትመጣ ድረስ። ዋርፋ ወደ ሐርተሼክ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። በአንድ ዓመት ሦስት ባትሪ ከእኔ ገዛ፤ ሦስቱም ማታ ደህና ነበሩ፣ ጠዋት ሞተው ተገኙ። መኪናዋ በግፊ ካልሆነ አልነሳም አለች። ካሣዬ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ አየና ደህና ነው፣ ጥፋቱ የባትሪው ነው ብሎ አረፈው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ወሬው ባቢሌ ደረሰ፤ ደበሌ አሮጌ ባትሪ ቀለም ቀብቶ ይሸጣል ተባለ። ሥራዬ ሱቅ ቁጭ ብሎ ዝንብ እሽ ማለት ሆነ።

ዋርፋ አራተኛ ገዝቶ እሱንም ሊመልስ ሲመጣ ደሜ ፈላ። እጁን ይዤ ካሣዬ ጋ ወሰድኩት። ጥፋቱ የባትሪዬ ከሆነ ዛሬውኑ ሱቄን እዘጋለሁ፣ ካልሆነ ጥፋተኛውን አሳየኝ አልኩት ካሣዬን።

ካሣዬም እልህ ያዘው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ በሮቹን ዘግቶ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ሽቦ ፈታና በባትሪውና በሽቦው መሀል ትንሽ አምፖል አስገባ። በራች። ጠፍታ በቆመች መኪና ውስጥ አንድ ነገር ኤሌክትሪኩን እየጠጣ ነው ማለት ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀለ፤ አምፖሏ ወይ ፍንክች። የመጨረሻውን ነቀለ፤ አሁንም በራች። በፊውዝ የማያልፍ ሽቦ አለ ብሎ ምንጣፉን ገልጦ ገባ፤ እኔም ከኋላው ተንበረከክኩ።

ከባትሪው በቀጥታ ወደ ቴፑ ማጉያ የሄደ ቀይ ሽቦ አገኘ። ሲነቅለው ዋርፋ ከፊት ሆኖ ጠፋች፣ ጠፋች አለ። በደስታ ልጮህ ስል ግን የሽቦውን መቀጠያ አየሁ፤ በነጭ ክር ታስሯል። ዋርፋ ቁልፉን ነቅሎም ዜና መስማት ፈልጎ ካሣዬ ራሱ የገጠመለት ነው። ከስንት መኪና መሀል ረስቶታል።

አየኝ፤ አየሁት። መቁረጫው በእጁ ነው። ክሯን ቆርጦ ቢጥላት ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እሱ ግን ሽቦውን ከነክሩ ይዞ ወጣ።

«ዋርፋ፣ የደበሌ ባትሪ ንጹሕ ነው። ባትሪህን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ዋርፋ ሳቀ። ካሣዬ አልሳቀም። ሦስት ቀን ሙሉ ሱቄ ደጃፍ ቆሞ፣ ያለፈውን ሹፌር ሁሉ እየጠራ ክሯን ሲያሳይ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን እንባዬ መጣ። ይበቃሃል ብዬ ክሯን ከእጁ ነጥቄ ኪሴ ከተትኩና ወደ ምሳ ይዤው ሄድኩ።